ሎደሩ በሦስት ሰዓት የጨረሰው

እናቴ ስልክ ስትደውል ሰላምታዋ አያልቅም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና፣ ስለ አዲስ አበባ ብርድና ስለ ጤፍ ዋጋ ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ ግን «እንዴት አደርሽ» እንኳ ሳትል፣ «ልጄ፣ እኔ እዚያ ቤት አልገባም» አለችኝ።

ቤቱ ገና መሠረቱ አልወጣም። ቆቦ ከተማ ዳር ባለው የአባታችን ግቢ ልንሠራላት ያሰብነው ባለ ሦስት መኝታ የብሎኬት ቤት ነው። ደሴ የሚኖረው ወንድሜ፣ ሎስ አንጀለስ ያለችው ታላቅ እህቴና እኔ ለሁለት ዓመት ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተናል። ካርታው በእናታችን ስም ዞሯል፤ ፕላኑ ተሠርቷል፤ የግንባታ ፈቃዱም ወጥቷል። እስከዚያ ዕለት ድረስ በቦታው ላይ የሠራነው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ግቢውን አስጠርገናል።

«ማታ ዝናብ ጣለ» አለችኝ። «ውሃው እትዬ ቤት ገባ።»

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስም ሳንጨምር «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው። ከእናቴ ጋር ከ30 ዓመት በላይ ቡና አብረው ጠጥተዋል። እናቴ ለፋሲካ ስታሳርድ የእሳቸውን ለብቻ በሙስሊም ታሳርዳለች፤ እሳቸውም ለአረፋ የእሷን እንደዚሁ። ወልዬ ለሆነ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሜዳ የሚመስለው ሜዳ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በመኪና ያለፈ ሰው ቆቦን የሚያስታውሳት በሙቀቷና በሜዳዋ ነው። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከአፋር ይለዩአታል። በመሐል ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሜዳ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ለአላፊ አግዳሚ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ይመስላል።

ይህን ሜዳ የሠራው ግን ጎርፍ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ እነ ሆርማትና ጎሊና ደራሽ ውሃ ይዘው ይወርዳሉ፤ ከውሃው ጋር ከተራራው የታጠበ አፈር ይመጣል። የራያ ገበሬ ጎርፉን እየፈራም ይፈልገዋል። በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ ክትር ሠርቶ ይጠልፈዋል፤ በቦይ እየመራ ማሳው ላይ ያሳድረዋል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ማሽላውን ለእሸት የሚያደርሰው አንድ ሌሊት የተጠለፈ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ጠለፋው ሥርዓት አለው። የላይኛው ማሳ ጠጥቶ ሲበቃው ለታችኛው ይለቃል። ቦይ የደፈነ፣ የሰው ተራ የወሰደ፣ ውሃ ወደ ሰው ደጅ የመለሰ በሽማግሌ ይዳኛል። አባቴ ይህን ሥርዓት የተማረው ከወረቀት አይደለም፤ ያደገበት ነው። ያኔ ግቢያችን ከከተማው ውጪ ነበር። በዝቅተኛው ጠርዙ፣ በእኛና በእትዬ ግቢ መካከል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ዳር አንድ ትልቅ ቁርቁራ ቆሟል። ልጆች ሳለን ቦዩ በበጋ መጫወቻችን ነበር፤ ከቁርቁራው ሥር ደግሞ ፍሬ እንለቅም ነበር። ሁለቱም ለምን እዚያ እንዳሉ ጠይቀን አናውቅም።

የዋጋ ዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር

ቤት ያሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የሥራና የዋጋ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት መስመር ነው፦ የግንባታ ቦታውን ማጽዳትና በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የላይኛውን አፈር ማንሳት። በእኛ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉም ርካሹ መስመር እሱ ነበር። ሦስት እሑድ በስልክ የተከራከርነው ስለ ወጥ ቤቱ ሴራሚክ፣ ስለ በሩ ቀለምና ሻወሩ የት ይሁን ስለሚለው ነው። ስለ መጀመሪያው መስመር ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እናቴ ሮቢት ለቅሶ በሄደችበት ቀን፣ ወንድሜ በሰዓት የሚከራይ ሎደር አስገባ። ስትመለስ እንድትደነቅ ነበር ሐሳባችን። ቁርቁራው ቀድሞ በመጋዝ ተቆርጦ ነበር፤ ሎደሩ ጉቶውን መንቀል ቢያቅተው ተወው። አባቴ የደረደረውን የድንጋይ እርከን በተነው። የተጠረገውን አፈር ጭኖ ማውጣት ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ገፋው። ዝቅተኛው ጠርዝ ደግሞ ቦዩ ነው። ሁሉም ነገር በሦስት ሰዓት አለቀ።

ወንድሜ ቪዲዮውን ለቤተሰቡ ላከ። እኔ «እንዴት ያምራል!» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ ግን ከሎስ አንጀለስ ሁለት ጥያቄ ላከች፦ «ዛፉን ቁረጡ ያላችሁ ማነው? አፈሩስ የት ሄደ?»

እህቴ የግንባታ ባለሙያ አይደለችም። የምትኖርበት ከተማ ግን አፈር ማንቀሳቀስን ራሱን የቻለ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ሎስ አንጀለስ ኮረብታ የሚበዛባት ከተማ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ከባድ ዝናብ በተደለደሉ ኮረብታዎች ላይ ብዙ ጉዳት ካደረሰ በኋላ የአፈር ድልደላ ደንብ አወጣች። ዛሬ በጥቅሉ ከ50 ኪዩቢክ ያርድ፣ ማለትም ከ38 ሜትር ኩብ ያህል በላይ አፈር ለመቁረጥ ወይም ለመሙላት ከቤቱ ፈቃድ የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል። ኦክን የመሰሉ አንዳንድ ሀገር በቀል ዛፎችንም ባለቤቱ በገዛ ግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ አይቆርጣቸውም።

የእኛን እናስላው። የተጠረገው ቦታ 400 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ሲነሳለት 80 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ እህቴ ባለችበት ከተማ ፈቃድ ከሚጠየቅበት ልክ እጥፍ በላይ ነው። በሲኖትራክ ቢጫን አምስት ጭነት ያህል ይወጣዋል። እኛ ያን ሁሉ አንድ ቦይ ውስጥና ዳር ከመርነው።

ለእህቴ «እዚህ አሜሪካ አይደለም» ብዬ መለስኩላት። ይህን መልስ ሳስታውሰው አሁንም አፍራለሁ። አባቴ እኮ የሎስ አንጀለስን ደንብ ሳይሰማ ደንብ ነበረው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ዝናብ መጣ። ከላይ የወረደው ውሃ እንደ ልማዱ ቦዩን ፈልጎ ሄደ፤ ሲያጣው ከአፈር ክምሩ ኋላ ተጠራቀመ፤ መጨረሻ ላይ በእትዬ አጥር በኩል ሰብሮ ገባ። የጭቃ ቤታቸው አንዱ ግድግዳ እስከ ወገቡ ተናደ። ለዓመት ያስቀመጡት ማሽላ ረጠበ። እትዬ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው አልጋ ላይ ቆመው ነበር። እናቴ በጨለማ ገብታ ልጁን ተቀበለቻቸው። የእኛ ግቢ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደተጠረገ ነው ያደረው። እናቴን ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይህ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

እውነቱን ልናገር። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እትዬ ግድግዳ አልነበረም። በሕግ እንጠየቅ ይሆን ወይ ብዬ ነው የሰጋሁት። ጠበቃ ለሆነች ጓደኛዬ ደወልኩላትና ወረቀቶቻችንን ይዘን ተቀመጥን።

ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ይሠራ ነበር፤ ቆቦም ከእነዚያ አንዷ ናት። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍል ነበር፤ እንደ እኛ ያለው ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ምድብ «ሀ» ውስጥ ይወድቅ ነበር። ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት ነበር። ሁሉንም አሟልተናል። ወረቀታችን ላይ ቤቱ ከወሰን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከፍታው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሰፍሯል። ቦዩ ግን የለበትም። ያልኖረበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የቦታውን ፕላን ስናሠራ ለባለሙያው ቦይ አለ ብሎ የነገረው ሰው የለም። ቁርቁራውም አልተሳለም።

ጓደኛዬ ያኔ በሥራ ላይ የነበረውን የገጠር መሬት አዋጅም አወጣችልኝ፤ ቁጥር 456/1997። እዚያ ላይ ያነበብኩት አስገረመኝ። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም ይል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ከተሠራ ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ባለውም ቢሆን አፈርና ውሃ መጠበቅ ነበረበት። በላይኛውና በታችኛው ተፋሰስ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ፍትሐዊ የውሃ አጠቃቀም እንዲኖርም ያዝ ነበር። የአባቴ ሥርዓት በሕግ ቋንቋ ተጽፎ አገኘሁት ማለት ነው።

ነገር ግን ግቢያችን አሁን የገጠር መሬት አይደለም። ከተማው ሰፍቶ ሲያቅፈን ስለ ተዳፋትና ስለ እርከን ከሚናገረው ሕግ ወጥተን ስለ ከፍታና ስለ ወሰን ርቀት ወደሚናገረው ገባን። ውሃው ግን መሸጋገራችንን አልሰማም፤ በዚያው በድሮው መንገድ ይመጣል። በአዲስ አበባ ዳርቻም፣ በባሕር ዳርም፣ በሌላውም እየሰፋ ባለ ከተማ ትናንት ማሳ በነበረ ቦታ ላይ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህችን ክፍተት ተሻግራችሁ ነው የምትሠሩት።

የዛፉም ነገር እንደዚያው ነው። በ1986 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠራቸው ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ነበሩ። ቁርቁራን አልጠራውም። ጥላውን፣ ለፍየሉ የሚሆን ቅጠሉን፣ ለአጥር የሚሆን እሾሁን የሚያውቁት ሥሩ የኖሩ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጠችው። ባለንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት እንኳ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም። «ለእናንተ ጉዳይ ይህ ይበቃል» አለችኝ።

ከሳሿ እናቴ ነበረች

እኔ አዲስ አበባ አንቀጽ ስፈልግ እናቴ ቆቦ ላይ ሽማግሌ ጠርታ ነበር። እትዬ አልከሰሱም፤ «የአላህ ውሃ ነው» ብለው ዝም ብለዋል። ልጆቿን ለሽማግሌ ያቀረበችው እናቴ ናት። ወንድሜና እኔ ተጠርተን ሄድን።

ራያ የደም ቂም የሚያበርዱ የዘወልድ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ነው። የእኛ ጉዳይ እዚያ የሚደርስ አይደለም፤ ሦስት ሰው በቃን፦ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ። አዛውንቱ ከመቀመጣቸው በፊት ዘንጋቸውን ይዘው ግቢውን ዞሩ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ገለባ እያዩ ውሃው የት እንደደረሰ፣ የት እንደዞረ፣ በየት እንደሰበረ ነገሩን። ማንም መሐንዲስ እንደዚያ ሲያነብ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ «ይህን ቦይ ማን እንደቆፈረው ታውቃላችሁ?» አሉን።

«አባታችን» አልን።

«አባታችሁና የእሷ ባል አብረው ነው የቆፈሩት። ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። በካርታችሁ ውስጥ ይሁን እንጂ ግማሹ የእነሱ ነው።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔም የምለው አጣሁ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ሌላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦዩ በእኛ ወጪ ይከፈት፤ ዳሩም በድንጋይ ይገንባ። የእትዬ ግድግዳ ይሠራ፤ ማሽላው በማሽላ ይተካ። የቤታችን ወለል በገረጋንቲ ከፍ ሲል ሙሌቱ ከቦዩ እንዳያልፍ። የቁርቁራው ጉቶ እንዳይነቀል። የመጨረሻውን የጨመሩት ሼሁ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅሁም። የወጥ ቤቱ ሴራሚክ ገንዘብ ቦዩ ውስጥ ገባ። እናቴ ዛሬም ድረስ በሊሾ ሲሚንቶ ወጥ ቤት ነው የምታበስለው፤ አንድም ቀን ቅር ብሏት አታውቅም።

የሼሁ ነገር የገባኝ በጥር ነው። የእትዬ ወንድም ሞቱ። ሙስሊሞች አስከሬን ሲያጥቡ የቁርቁራ ቅጠል ውሃው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ሲድር የሚሉት እሱን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ቅጠል የሚወስደው ከእኛ ግቢ ነበር። እናቴ በስልክ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ «ልጁ ቅጠል ፍለጋ ወንዝ ድረስ ሄዶ፣ ቀብሩ እስኪመሽ ቆየ።» ይኸው ዛፍ በሳይንስ ስሙ ዚዚፈስ ስፓይና ክርስቲ ይባላል፤ «የክርስቶስ እሾህ» ማለት ነው። የጌታችን የእሾህ አክሊል ከእሱ ተጎነጎነ የሚል ትውፊት ስላለ ነው። ለሁለት ቤት የቆመ ዛፍ ነበር፤ እኛ በአንድ ጠዋት መጋዝ ቆረጥነው።

ማሽኑን ከመጥራታችሁ በፊት

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በዚህ ዓመት ቤት የምትጀምሩ ካላችሁ ለእናንተ ነው።

ቦታውን ዝናብ በጣለ ማግስት እዩት፤ በፀሐይ የታየ ቦታ ውሃውን አያሳይም። ስታዩት ብቻችሁን አትሁኑ። በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው ይዛችሁ ዙሩ፤ ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ጠይቁት። ቦዩን፣ እርከኑን፣ ዛፎቹን የቦታው ፕላን ላይ አስፍሩ። ወረቀት ላይ ያልሰፈረውን ፈቃድ የሚሰጠውም መሐንዲስ፣ ሎደር የሚነዳውም ሰው አያየውም።

ቦታ ማጽዳትን ለሰኔ አታቆዩት። መሬቱን ራቁቱን አድርጎ ለክረምት መስጠት ነው። ከመስከረም በኋላ ይሻላል። የሚጠረገውም ቤቱ የሚያርፍበትና ለሥራ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን። እኛ ሁሉንም ስላራቆትነው ክረምቱ ሳይወጣ ባዶው መሬት በቅንጨ አረም ተሸፈነ። አረሙ የነካውን ቆዳ ያሳክካል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል።

የሚነሳው አፈር የት እንደሚሄድ ውሉ ላይ ይጻፍ። የላይኛው አፈር ቆሻሻ አይደለም፤ ጥግ ላይ ተከምሮ ቢቆይ ነገ የጓሮ አትክልታችሁ አፈር እሱ ነው። ሀገር በቀል ዛፍ ካለ ከመቁረጣችሁ በፊት ቀበሌውን ጠይቁ፤ ጎረቤትንም ጭምር። ዛፉ በካርታችሁ ውስጥ ቢሆንም ቅጠሉን ማን እንደሚፈልገው አታውቁም።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ቤቱ ገባች። የመጀመሪያውን ቡና ያፈሉት እትዬ ናቸው። ከጉቶው አምስት ቀንበጥ ወጥቷል፤ ከፍየል እንዲተርፍ ዙሪያውን በእሾህ ያጠሩትም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት እናቴ በሌሊት ደወለችልኝ። ስልኩን በድንጋጤ አነሳሁ። ሰላምታዋን ጀመረች፤ ልጆቹ፣ ባለቤቴ፣ ብርዱ፣ የጤፍ ዋጋ። ከኋላዋ የዝናብ ድምፅ ይሰማል።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው በሌሊት?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «ዝናቡ ከባድ ነው። ከእትዬ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ቦዩን እያየነው ነው። ሞልቶ እያለፈ ነው።»